እታለም የገዛቻት «ኃይል ቆጣቢ» ሳጥን፦ ሦስት ሳምንት ለክቼ ያገኘሁት

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ሞተር እጠቀልላለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ነጭ ሳጥን ይዛ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣችና፣ የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ በዘረጋሁበት ጠረጴዛ ላይ አኖረቻት። በመዳፍ የምትያዝ፣ ከጀርባዋ ስፒና ያላት፣ ሶኬት ላይ ስትሰካ አረንጓዴ መብራት የምታበራ ነገር ናት። ካርቶኗ ላይ «የኤሌክትሪክ ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል» ተብሎ ተጽፏል። የሠሪው ስም የትም የለም።

«ወንድምዓለም፣ እስቲ እያት። እኔስ ቆጣሪዬ ቀንሶልኛል፤ ላንተም አንድ ላምጣልህ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚኖር መገመት አላቃተኝም። እታለም ግን ባዶ እጇን አልመጣችም። ሳጥኗን ከመግዛቷ በፊት በነበረው ወር ቆጣሪዋ 96 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሯል፤ ሳጥኗ በተሰካችበት ወር 78። ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ ነው። «አይረባም» ብዬ በአፌ ብመልስላት የእኔ ቃል በወረቀት ከተጻፈ ቁጥር ጋር ሊሟገት ነው፤ እንደማይረታም አውቃለሁ። ስለዚህ ልለካልሽ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ከመሣሪያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «በዚያ ወር ስንት ቀን ሠራሽ?» ለካስ ታማ ስድስት ቀን ቤት ተኝታ ነበር። በፊተኛው ወር 26 ቀን ሠርታለች፣ በኋለኛው 20። 96ን ለ26 ስናካፍል በቀን 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ 78ን ለ20 ስናካፍል 3.9። ሳጥኗ ባለችበት ወር በየሥራ ቀኑ የፈጀችው ትንሽ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። እታለም ሒሳቡን ራሷ በእርሳስ ደግማ ሠራችው። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ሰውዬው ፊቴ ላይ ያሳየኝስ?» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሳጥኗን የሸጠላት ሰው በአፉ ብቻ አላግባባትም። ረጅም የፍሎረሰንት መብራት አብርቶ፣ ሽቦው ላይ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ጅረቱን በአምፔር የሚያነብ መሣሪያ) አሳክቶ አሳይቷታል። ሳጥኗ ሳትሰካ 0.43 አምፔር፤ ስትሰካ 0.21። መብራቱ ሳይደበዝዝ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ በዓይኗ ያየችውን ነው ያመነችው።

ያንኑ ሙከራ እኔም ደገምኩት። ሥራ ቦታዬ 36 ዋት የሚል ቱቦ የተገጠመለት፣ የድሮው ዓይነት ከባድ ማግኔቲክ ባላስት (የቱቦውን ጅረት የሚገታ ዕቃ) ያለው መብራት አለኝ። ክላምፕ ሜትሩን አጠለቅሁ፦ 0.43። ሳጥኗን እዚያው መስመር ላይ ሰካሁ፦ 0.21። ሰውዬው ያሳያት ቁጥር እውነተኛ ነው። ጉዳቱ ያለው እታለም ያልታየችው ሌላ ቁጥር ላይ ነው፤ ዋቱ ላይ።

ስፒናው ላይ የሚገባ፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት እና ፓወር ፋክተር ለየብቻ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አለኝ። ፓወር ፋክተር ማለት ዋቱ፣ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ከሚወጣው ውስጥ ምን ያህል እጁ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ሳጥኗ ሳትኖር መብራቱ 220 ቮልት፣ 0.43 አምፔር፣ 45 ዋት፤ ፓወር ፋክተሩ 0.47 ገደማ። ሳጥኗ ስትኖር 0.21 አምፔር፤ ዋቱ ግን 45፣ ያው። ፓወር ፋክተሩ ከ0.9 በላይ ወጣ። ማለትም አምፔሩ በግማሽ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ይህ ለብዙ ሰው ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱም ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው ብለን ተምረናል። በባትሪ ላይ እውነት ነው። በተለዋዋጭ ጅረት ላይ ግን ያ ብዜት ሁለት ነገር ቀላቅሎ ይይዛል። አንደኛው ሄዶ የሚቀር ኃይል ነው፦ ብርሃን፣ ሙቀት ወይም የዘንግ መሽከርከር ሆኖ ያልቃል፤ በዋት የምንለካው እሱን ነው። ሁለተኛው ሄዶ የሚመለስ ነው። በእንግሊዝኛው ስም ሪአክቲቭ ፓወር ይባላል፣ መለኪያው ቫር ነው፤ እኔ ለተለማማጆቼ ስነግር «የደርሶ መልስ ኃይል» እለዋለሁ።

የሚመላለሰው እንዲህ ነው። ባላስቱ ብረት ላይ የተጠቀለለ ኮይል ነው፣ ሞተርም እንደዚያው። ጅረት ሲገባው ዙሪያውን ማግኔት ይገነባል፤ ማግኔቱን ለመገንባት ከመስመሩ ኃይል ይወስዳል። ጅረቱ መልሶ ሲቀንስ ማግኔቱ ይፈርሳል፣ የወሰደውንም ኃይል ለመስመሩ ይመልሳል። በ50 ሄርዝ መስመር ላይ ይህ መውሰድና መመለስ በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ይከናወናል። ኃይሉ አልተበላም፤ ግን ሲሄድም ሲመለስም በሽቦው ውስጥ አልፏልና ክላምፕ ሜትሩ ሁለቱንም ጉዞ ጅረት ብሎ ያነባል። መብራቴ ላይ 220 በ0.43 ሲባዛ 95 ቮልት አምፔር ይሆናል። ከዚህ 45 ዋቱ ሄዶ የሚቀረው ነው፣ 83 ቫሩ ደርሶ መልሱ። 45 እና 83 ተደምረው 95 የማይሆኑት ሁለቱ እኩል ስለማይራመዱ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ዜሮ ላይ ነው። ስለዚህ የሚደመሩት እንደ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ጎኖች ነው፦ የ45 ካሬ እና የ83 ካሬ ተደምረው የ95ን ካሬ ያህላሉ።

ሳጥኗ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ መልሶ የሚሰጥ ዕቃ። ካፓሲተር ደግሞ የኮይል ተገላቢጦሽ ነው። ኮይሉ በሚመልስበት ቅጽበት ካፓሲተሩ ይወስዳል፣ ኮይሉ ሲጠይቅ እሱ ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታኖሯቸው ርስ በርስ ይቀባበሉና ደርሶ መልሱ ከሩቅ መምጣቱን ይተዋል። እታለም ያየችው ይህንን ነው። ሳጥኗን ስከፍታት ያገኘሁት ካፓሲተር 4.7 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) የሚል ነበር፣ ስለካው 4.6። ይህ በ220 ቮልት 70 ቫር ገደማ ይሰጣል። የባላስቱ ፍላጎት 83 ነው። ማግኔቲክ ባላስት ላለው 36 ዋት መብራት ሠሪዎች ድሮም የሚያዙት ካፓሲተር 4.5 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ለማሳያ የተመረጠው መብራት ለሳጥኗ ልክ የሆነ ጫማ ነበር ማለት ነው።

እታለም መለኪያዬ ላይ 45ን ሁለት ጊዜ አይታም ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ልክ ናት፤ ሒሳብ የሚጻፍባት በቆጣሪ እንጂ በእኔ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ከመደርደሪያዬ አሮጌውን ባለ ዲስክ ቆጣሪ አወረድኩ። ይህን ዓይነት ቆጣሪ የሃንጋሪው ኦቶ ብላቲ በ1889 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በስሙ ያስመዘገበው ሥራ ነው፤ እኔ ከቀልጣፎቹ አዳዲስ ዕቃዎች ይልቅ ለማስተማር እሱን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚያደርገውን ነገር በዓይን ታያላችሁ። አንድ ኮይል ቮልቱን፣ ሌላ ኮይል ጅረቱን ይዞ አሉሚኒየሙን ዲስክ ይገፉታል። ግፊቱ የሚበረታው ሁለቱ አብረው ሲራመዱ ነው፤ አንዱ ከሌላው ሩብ ዙር ከዘገየ ወደፊት የገፋውን ያህል ወደኋላ ይስበዋልና ዲስኩ ይቆማል። የእኔው ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት 600 ዙር የሚል ነው። 45 ዋት ብቻ ከሆነ የሚያልፍበት፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ 133 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

እህቴ የስልኳን ሰዓት መቁጠሪያ ይዛ ራሷ ቆጠረች። ቀዩ ምልክት አልፎ እስኪመለስ ሳጥኗ ሳትሰካ 133 ሴኮንድ። ሳጥኗ ተሰክታ 132። ደግማ 133። «ይኸ እንግዲህ አልተነካም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቆጣሪው አልተከራከረችኝም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ሲሮጥ አያለሁ፤ «ሪአክቲቭ ፓወር ካልተቆጠረ ምንም አይጎዳም» ይላሉ። ይህም ልክ አይደለም። ዕቃ ተሸክሞ ሄዶ፣ ሳያራግፍ ያንኑ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ያደረሰው ነገር የለም፤ መንገዱ ግን ተረግጧል፣ እሱም ደክሟል። በሽቦ ላይ ድካሙ ሙቀት ነው፤ መጠኑም የጅረቱ ካሬ ሲባዛ በሽቦው ሬዚስታንስ። ጅረቱ ሄዶ የሚቀር ይሁን ሄዶ የሚመለስ ለሽቦው ለውጥ የለውም፣ ሁለቱም ያሞቁታል። ይህ ሙቀት ደግሞ እውነተኛ ዋት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ባለ ሽቦ ላይ ከሆነ ይቆጠርባችኋል። እንግዲህ ሳጥኗ አንድ የምታድነው ነገር ካለ እዚህ ነው መሆን ያለበት። ስንት ነው? ይህን ነበር ከልቤ ማወቅ የፈለግሁት።

የእታለም የስፌት መኪና በክላች የሚሠራ፣ 400 ዋት የሚል ሞተር ያለው ነው። ከማከፋፈያው እስከ መኪናው 6 ሜትር አለ፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ። ደርሶ መልሱ 12 ሜትር ሲሆን ሬዚስታንሱ 0.084 ኦም ይመጣል። ሞተሩ ሳይሰፋ እንዲሁ ሲሽከረከር 1.9 አምፔር ይስባል፣ ዋቱ 120 ነው። ሳጥኗን ሞተሩ ጥግ ስንሰካ ጅረቱ ወደ 1.6 አምፔር ወረደ። በሽቦው ላይ የሚጠፋው ሙቀት ከ0.30 ዋት ወደ 0.22 ወረደ ማለት ነው። ትርፉ ከአንድ አሥረኛ ዋት ያንሳል። ሳጥኗ ራሷ ለአረንጓዴው መብራቷና ለትንሿ ሰሌዳዋ ደግሞ 0.6 ዋት ትበላለች። ለብቻዋ ሰክቼ ሌሊትና ቀን ትቻት በ24 ሰዓት መለኪያዬ 0.014 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረባት፤ በዓመት ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። የምትበላው ከምታድነው ስድስት ሰባት እጥፍ ነው።

ይህም ሞተሩ ጥግ ስትሰካ ነው። አብሯት የመጣው ወረቀት «ከቆጣሪው አጠገብ ይሰኩ» ይላል። እዚያ ስትሆን ደግሞ ከሳጥኗ እስከ ሞተሩ ያለው ሽቦ አሁንም ሙሉውን 1.9 አምፔር ይሸከማል፤ የሚቀልለው ከሳጥኗ ወደ ኋላ ያለው፣ ማለትም የኃይል አቅራቢው መስመር ነው። የካፓሲተር ሥራ የሚጠቅመው ከተሰካበት ቦታ ወደ ምንጩ ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ሳጥኗን አይገዛም።

ካፓሲተር በቦታውና በልኩ ሲገባ የሚሠራውን ለማሳየት እታለምን ወደ ራሴ መፍጫ ሞተር ወሰድኳት። 1.1 ኪሎዋት፣ መነሻ ካፓሲተር ብቻ ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ነው፤ ከማከፋፈያው በ40 ሜትር ሽቦ ይርቃል። ሥራ ሲይዝ 8.3 አምፔር፣ 1470 ዋት፣ ፓወር ፋክተሩ 0.8 ነው። ሞተሩ እስከሚጠፋ አብሮት የሚሠራ የ30 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሲጠፋ ያጠራቀመውን የሚያፈስለት ሬዚስተር ተገጥሞለት፣ ከሞተሩ ስዊች በኋላ በትይዩ አሰርኩለት። ጅረቱ ወደ 7.3 አምፔር ወረደ። ሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ከ39 ዋት ወደ 30። ይህ ተቀራራቢ ሒሳብ ነው እንጂ ወሬ አይደለም፦ 9 ዋት ገደማ ድኗል። ከ1470 ዋት ውስጥ 0.6 በመቶ! በልኩ የተመረጠ ካፓሲተር፣ ረጅም ሽቦ፣ ትክክለኛ ቦታ፤ ሁሉም ተሟልቶ ከአንድ በመቶ ያንሳል። 40 በመቶ የሚል ካርቶን ስታዩ ይህችን ቁጥር አስታውሱ።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ላይ በቀጥታ የሚታሰር ካፓሲተር ሞተሩ ባዶውን ሲሽከረከር ከሚጠይቀው ቫር 90 በመቶ በላይ መሆን የለበትም። የእኔው ባዶውን ወደ 900 ቫር ይፈልጋል፣ ካፓሲተሩ የሚሰጠው 456 ነው፤ ስለዚህ አያሰጋም። ካለፈ ግን ስዊቹ ሲጠፋ ሞተሩ በራሱ ግፊት ሲሽከረከር እንደ ጄኔሬተር ይሆንና ቮልቱ ያሻቅባል። እንዲህ ሆኖ ኮይሉ የተቃጠለ ሞተር ጠቅልዬ አውቃለሁ።

የሪአክቲቭ ፓወር ጉዳይ በእርግጥ የሚያሳስበው ትልልቅ ፋብሪካዎችንና ኃይል አቅራቢዎችን ነው። 100 ኪሎቮልት አምፔር የሚል ትራንስፎርመር ፓወር ፋክተሩ 0.7 ከሆነ ከ70 ኪሎዋት በላይ ሥራ አይሰጥም፤ ቀሪውን አቅሙን ደርሶ መልሱ ይዞበታል። ኬብሉ፣ ብሬከሩ፣ ማስተላለፊያ መስመሩ ሁሉ ሄዶ ለሚመለስ ጭነት ተብሎ መወፈር አለበት። ለዚህም ነው በብዙ አገር ከፍተኛ ተጠቃሚዎች ከኪሎዋት ሰዓት ሌላ የቫር ቆጣሪ የሚገጠምላቸውና ፓወር ፋክተራቸው ሲወርድ ተጨማሪ የሚከፍሉት። እነሱ ዘንድ ጭነቱን እያየ ካፓሲተሮችን በየደረጃው የሚያስገባና የሚያወጣ ቁም ሳጥን የሚያህል የካፓሲተር ስብስብ ይቆማል፣ ወጪውንም ይመልሳል። የሳጥኗ ሻጮች የያዙት ሐሳብ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሐሳቡ ውሸት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን የሚያገኘው ቆጣሪ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ነው።

ሌሎቹን ዕቃዎችም ሞከርኩ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። የእታለም ካውያ ላይ ሳጥኗ ምንም አላደረገችም፤ ካውያ ንጹሕ ሬዚስታንስ ስለሆነ ደርሶ መልስ የለውም፣ የሚጠገንም ነገር የለም። ኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ላይም ፓወር ፋክተሩ ዝቅተኛ ቢሆንም ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ጅረቱን በአጫጭር ምት ስለሚጎትቱት ቅርጹ ይበላሻል። እሱን ካፓሲተር አያቃናውም።

አሁን ከልቤ ወዳስቆጣኝ ልምጣ። ሳጥኗን ስከፍት አንድ ካፓሲተር፣ ሁለት ትንንሽ መብራት ያላት ሰሌዳ፣ አንዲት ሬዚስተር ብቻ ነው ያለው። ፊውዝ የለም። ካፓሲተሩ ሲነቀል ያጠራቀመውን የሚያፈስበት ሬዚስተርም የለም። 220 ቮልት ሲባል ጫፉ 311 ቮልት ነው፤ ሳጥኗ በየትኛው ቅጽበት እንደተነቀለች እየታየ ከዚያ በታች ማንኛውንም ያህል ይዛ ልትቀር ትችላለች። ነቅዬ ከአምስት ሴኮንድ በኋላ የስፒናውን ሁለት እግሮች ስለካ አንዴ 280 ቮልት፣ አንዴ 90፣ አንዴ ከ20 በታች አገኘሁ። እታለም ማታ ማታ ስትነቅላት ጣቷን «ንዝር» እንዳደረጋት ነግራኝ ነበር፣ የላብ ነገር መስሏት። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነሣለች። ጥቅም አለመስጠቷን ልተወው እችል ነበር፤ ይህንን ግን አልተውኩም። ሳጥኗን ያላችሁ ሰዎች ስትነቅሉ የስፒናውን እግር አትንኩ፣ ልጅ እጅ እንዳትገባ አርቁ።

ሳጥኗን ስንለካ ሳናስበው የእታለምን እውነተኛ ብክነት አገኘነው። ሞተሩ ሳይሰፋ 120 ዋት ይበላል አላልኩም? በክላች የሚሠራ መኪና ሞተሩ ሁልጊዜ ይሽከረከራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ክላቹ ይይዘዋል። እታለም ስትቆርጥ፣ ስትለካ፣ ስትተኩስ፣ ደንበኛ ስታነጋግር ሞተሩ እያጉረመረመ ይቆያል። ከጎኗ ተቀምጬ አንድ ሙሉ ቀን ያዝኩት፦ ከ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ 5 ሰዓቱን ባዶውን ነው የዞረው። 120 ዋት በ5 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ደርሶ መልስ አይደለም፣ ይህ በኮይሉ፣ በብረቱ፣ በኩሽኔታውና በማራገቢያው ሙቀት ሆኖ የሚቀር፣ ቆጣሪው አንድም ሳይስት የሚቆጥረው ኃይል ነው።

ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ስድስት የሥራ ቀን፣ ቆጣሪዋን ጠዋትና ማታ አነበብን። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኗ ተሰክታ 22.4 ኪሎዋት ሰዓት። በሁለተኛው ተነቅላ 22.1። በሦስተኛው ሳጥኗ የለችም፣ እታለም ግን ከመኪናው በተነሣች ቁጥር የሞተሩን ስዊች ታጠፋለች፦ 18.7። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልዩነት የካውያ ሥራ መብዛትና ማነስ ሊያመጣው የሚችል ነው፣ ለሳጥኗም ለእሷ መነቀልም ምስክር አላደርገውም። ሦስተኛው ግን ግልጽ ነው። ሞተሩ ደግሞ በየደቂቃው ይነሣ ማለቴ አይደለም፤ መነሻው ጅረት ከፍተኛ ስለሆነ መነሻ ኮይሉን ያደክመዋል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ስትነሣ ታጥፋ፣ ብለን ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ክላቹን አውጥተን ሰርቮ ሞተር ገጠምንላት። ይህ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚዞር ነው፤ ቆሞ ሲጠብቅ መለኪያዬ ላይ ከ5 ዋት በታች ያሳያል። ድምፁም ጠፋ፤ ለእሷ ከሁሉ ያስደሰታት እሱ ነው፣ «ጆሮዬ ዐረፈ» ትላለች። ሦስቱን ባለ ባላስት መብራቶቿንም በ18 ዋት ኤልኢዲ ቱቦ ለወጥናቸው፤ ከእያንዳንዱ 27 ዋት ቀነሰ። ሁለቱም ሥራዎች የዋት ሥራዎች ናቸው፣ ስለዚህ ቆጣሪዋ አያቸው።

ስለ መለኪያዬም አንድ ቃል፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ውስጥ እንድትገዙ የምመክራችሁ ዕቃ እሱ ነው። ስፒና ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ስትመርጡ ፓወር ፋክተርን ለብቻው የሚያሳይ ይሁን። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ቮልትን በአምፔር አባዝቶ «ዋት» ብሎ ይጽፋል፣ እንዲህ ያለው በሳጥኗ ይታለላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እንደዚህች ያለ ካፓሲተር ብቻውን ሲሰካበት 70 ዋት ካሳየ አትውሰዱት፤ ከ1 ዋት በታች ካሳየ እውነተኛውን ዋት ይለካል። ፓወር ፋክተሩ እጅግ ሲያንስ የእኔውም ትንሽ ይዋልላል፣ የሳጥኗን 0.6 ዋት በ24 ሰዓት ቆጠራ ያጣራሁት ለዚህ ነው። ሞተር ላላቸው ሰዎች ግን አንድ ቀን ከዕቃ ዕቃ እያዘዋወሩ መለካት እኔ ከምጽፈው ሁሉ በላይ ያስተምራል።

ለሳጥኗ የምሰጣት ነጥብ ዜሮ ነው፤ ቁጠባዋ ከፍጆታዋ ያንሳል፣ ስትነቀልም ታስፈራለች። እታለም ልትመልሳት ሄዳ ነበር፣ የሸጠላት ሰው ግን ቦታውን ለቋል። ካፓሲተሩን በብየዳ ፈታሁት፤ ራሱ ደህና ዕቃ ነው። በሁለቱ እግሮቹ መካከል 470 ኪሎኦም ሬዚስተር በየድኩበትና ከጠረጴዛዬ በላይ ባለው፣ ባላስቱን ገና ባልቀየርኩለት መብራት ውስጥ አስገባሁት። ሲነቀል በአራት ሴኮንድ ውስጥ ከ75 ቮልት በታች ይወርዳል። መብራቱ 0.21 አምፔር ይስባል፣ 45 ዋት ይበላል። እታለም ስትመጣ ቀና ብላ ታየውና ዛሬ ምን ያህል ኪሎዋት ሰዓት እንደቆጠረች ትነግረኛለች።